ልጄን ያስዘለልኩበት እሁድ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ልመስክር ነው የወጣሁት። ግን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ሳልጨርስ "አሜን" እንዳትሉኝ። አውቃችኋለሁ እኮ! እኔ ራሴ ከመካከላችሁ ተቀምጬ ስንቱን ሰው ነገሩን ሳይጨርስ አሜን ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ታገሱኝ። የዛሬው ምስክርነቴ የባለፈውን ምስክርነቴን ለማረም ነው።

ታስታውሳላችሁ አይደል? ከሁለት ወር በፊት እዚሁ መድረክ ላይ ልጄን ሊዲያን ይዤ ቆሜ "ጌታ ፈወሳት" ብዬ ነበር። አጨበጨባችሁ፣ እልል አላችሁ። ሊዲያም ዘለለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደተፈጠረ ግን አብዛኞቻችሁ አታውቁም። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር ሰምታችኋል። እንግዲህ ከራሴ አፍ ስሙት። አሳምሬ አልናገረውም፤ ነገሩ ለራሴም ገና አልጠራልኝም። ቢሆንም ክብር ለጌታ ይሁን፣ እናገረዋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ ወይንሸት እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ቁስቋም ነው። አዲሱ ገበያ ሰልባጅ ልብስ እሸጣለሁ፤ እዚያ አካባቢ ድምፄን የማያውቅ የለም። ጠባዬ ጥሩ ነው አልላችሁም። ደንበኛ አንዱን ሸሚዝ አስር ጊዜ አገላብጦ ጥሎኝ ሲሄድ ከኋላው የምለውን ነገር ጌታ ይቅር ይበለኝ። ባለቤቴ ያረፈው ሊዲያ ሦስት ዓመቷ ሳለ ነው። እነሆ አሁን ዘጠኝ ሆናለች፤ እኔና እሷ ብቻ ነን። እዚህ ቤት የመጣሁት ያኔ በሐዘኔ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ከፊት ወንበር ጠፍቼ አላውቅም። መዝሙር ሲጀመር ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ፣ ስብከት ላይም ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ።

ታዲያ ጌታን አውቀው ነበር ወይ? እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ ጌታን የማየው እንደ ታክሲ ነበር። "ወራጅ አለ!" ስል እዚያው ማቆም አለበት። ካላቆመ እጮሃለሁ። በቃ፣ እምነቴ ይኼ ነበር።

የልጄ ሕመም የጀመረው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። "እማዬ፣ ጉሮሮዬን" አለችኝ። አፏን ከፍቼ ባየው ቀልቷል፣ ነጭ ነገርም ሸፍኖታል። አንገቷ ሥር በግራም በቀኝም ንፍፊት ወጥቷል። ሰውነቷ ይፋጃል። እኔ ምን አልኩ? "ቶንሲል ነው!" ማን ሐኪም አደረገሽ በሉኝ። ቁም ሣጥን ውስጥ አምና ለኔ ታዝዞልኝ የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበር። ደግሞ የማን ቤት ነው የማይተርፈው? ካፕሱሉን ከፍቼ በማር በጥብጬ ሰጠኋት። ይሻላታል ብዬ ስጠብቅ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ከግንባሯ እስከ እግሯ ጣት ሽፍታ በሽፍታ ሆነች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ግራ መጋባት ነው ወገኖቼ። ግቢያችን ውስጥ ያልፈረደ ሰው የለም። አንዷ "ኩፍኝ ነው፣ ብርሃን አታሳያት" አለች። ሌላዋ "ምን ኩፍኝ ትላለች፣ ምች ነው እንጂ! ዳማከሴ እሺላት" አለች። ሌላዋ ደግሞ "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጫት" አለች። እኔስ? እኔ ሁሉንም አመንኩ! ጠዋት ኩፍኝ ነው ብዬ መጋረጃ እዘጋለሁ፣ ከሰዓት ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሻለሁ። ደግሞ መሀል ላይ እጄን ጭኜ እገሥጻለሁ። "ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!" እላለሁ። ሊዱ ዓይኗን ገልጣ "ማን ይውጣ፣ እማዬ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም እኮ!

ያን ጊዜ ጌታ ማንን ላከልኝ መሰላችሁ? ጋሽ ከድርን! ደጃችን ላይ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ ሊዱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ዳቦ ልትገዛ ብቅ ሳትል ስትሰነብት "ልጅቷ ምን ሆነች?" ብለው መጡ። አልጋዋ አጠገብ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ወይኒ፣ ይኼ በጎረቤት ወሬ የሚድን አይመስለኝም። ነጠላሽን ልበሺና ተነሺ" አሉኝ። ሱቁን ለባለቤታቸው ትተው በራሳቸው መኪና ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰዱን። ስሙ ይባረክ!

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እርጋታዋ ግን የሽማግሌ ነው። ደም አስመረመረች፣ ሆዷን አልትራሳውንድ አስነሳች፣ ከዚያ ጠርታኝ "እናት፣ ሞኖ የሚባል የቫይረስ ሕመም ነው" አለችኝ። ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። "ከየት መጣባት?" ስላት "በምራቅ ነው የሚተላለፈው። እንዲያውም የመሳሳም በሽታ ይሉታል" አትለኝም! ኧረ በኢየሱስ ስም! ተነሳሁባት። "ዶክተር፣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው! ምን ማለትሽ ነው?" ብዬ ጮህኩ። ሐኪሟ ሳቀች። "እናት፣ ይረጋጉ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣትም ያው ነው፣ ጉርሻም ያው ነው። ዘመድ አገላብጦ ሲስማትም ሊሆን ይችላል። ማንም አላጠፋም" አለችኝ። እኔ ግን ወዲያው በልቤ ያጎረሳትን ሰው ሁሉ መቁጠር ጀመርኩ። ስቆጥር ስቆጥር ከሁሉም አብልጬ የማጎርሳት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ሽፍታውም አሞክሳሲሊኑ ነው አለችኝ። ይኼ ሕመም ያለበት ልጅ ያንን መድኃኒት ሲወስድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርገዋል አለች። "ሁለተኛ የተረፈ መድኃኒት እንዳይሰጧት" ብላ ተቆጣችኝ። "እሺ፣ ታዲያ የዚህ መድኃኒቱ ምንድነው?" አልኳት። "ዕረፍት" አለችኝ። "ዕረፍት፣ ውሃ፣ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል። ሌላ መድኃኒት አያስፈልገውም፣ ሰውነቷ ራሱ ያሸንፈዋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልዎታለሁ። ጣፊያዋ አብጧል። መሮጥ የለም፣ ገመድ መዝለል የለም፣ ሆዷን መጫን የለም። ከአራት ሳምንት በኋላ ያምጧትና እናየዋለን። ድንገት በግራ ጎኗ ወይም በግራ ትከሻዋ ሕመም ከተሰማት፣ ወይም ከገረጣች፣ ያን ሰዓት አንድ ደቂቃ አይቁሙ።" ሊዱንም ጎንበስ ብላ "ሰምተሻል አይደል? አትዝለይ እሺ?" አለቻት። ሊዱ ራሷን ነቀነቀች።

እንግዲህ ቤት ገባን። ቅዱሳን፣ ምንም አታድርጊ መባል እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ? መርፌ ቢሆን አስወጋታለሁ። ጾም ጸሎት ቢሆን እይዛለሁ። ሩጪ ብትለኝ እንጦጦ ድረስ እሮጣለሁ። ዝም ብለሽ ጠብቂ ግን እንዴት ነው የሚደረገው? ልጄ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች። ስትነሳ ትንሽ ሾርባ ቀምሳ መልሳ ትተኛለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሷን ማየት ነው ሥራዬ። ሐኪሟ ትክክል ትሁን አትሁን አላውቅም፣ እግዚአብሔር ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። አንዳንዴ ተንበርክኬ እጀምርና ምን ብዬ እንደምለምን ይጠፋብኛል። "ቶሎ አድናት" ልበል? ሐኪሟ ቶሎ አይሆንም ብላለች። "ቀስ ብለህ አድናት" ተብሎስ ይጸለያል እንዴ?

ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ትኩሳቷ ለቀቃት፣ ሽፍታውም ጠፋ። አንድ ቅዳሜ ተነስታ ፓስታ አምጪ አለችኝ! ያን ቀን እኔን ማን ይቻለኝ። እሁድ የፈውስ ፕሮግራም እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። አጥቤ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ ነጭ ቀሚሷን አልብሼ ይዣት መጣሁ። ፓስተር "ፈውስ የተቀበላችሁ ወደ ፊት ኑ" ሲሉ ማን ቀደመኝ?

ማይኩን ያዝኩ። ምን እንዳልኩ ታስታውሳላችሁ? "ሐኪሞች መድኃኒት የለውም ያሉትን በሽታ ጌታ ፈወሰ!" ነው ያልኩት። ወገኖቼ፣ ሐኪሟ እንደዚያ አላለችም። መድኃኒት አያስፈልገውም፣ በራሱ ይለቃታል ነው ያለችው። እያወቅኩ ነው የቀየርኩት። እናንተ "ሃሌሉያ!" ስትሉኝ ደግሞ ጨመርኩበት። "ጣፊያዋ አብጦ ነበር፣ አሁን በኢየሱስ ስም ሟሟ!" አልኩ። ማን አየው? ማንም አላየውም። "ሐኪሟ እንዳትዘል ብላት ነበር!" አልኩ። ይኼን ማለት አልነበረብኝም። የኛን ቤት ልማድ ታውቁታላችሁ። እግሩ የታመመ ይሮጣል፣ ወገቡ የታመመ ጎንበስ ይላል። አትዝለይ የተባለች ልጅ ምን ታድርግ? "ትዝለል! ትዝለል!" አላችሁ። ፓስተርም "ዝለይ ልጄ፣ ለጌታ ዝለይ" አሉ።

ሊዱ ቀና ብላ አየችኝ። ማይኩን ከአፌ አራቅሁ። "እማዬ፣ ዶክተሯ አትዝለይ ብላኛለች እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ። ቅዱሳን፣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። "ተዉአት" ማለት ብቻ! ግን ያ ሁሉ ሕዝብ እያጨበጨበ፣ ኪቦርዱ እየተመታ፣ እንዴት ብዬ? "ለጌታ ነው፣ ዝለይ" አልኳት። ዘለለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ግራ ጎኗን ይዛ ቁጭ አለች።

እናንተ መንፈስ ቅዱስ ነክቷት የወደቀች መሰላችሁ። አንዲት እህት መጥታ ነጠላ አለበሰቻት። እኔስ? እኔ ምን መሰለኝ? እስካሁን ራሴን የምጠይቀው ይኼንን ነው። ልክ አልሆነችም የሚል ነገር ልቤ ውስጥ አለ፤ ደግሞ ዝም በይ የሚለኝም አለ። እጄን አንስቼ ዘመርኩ። አንድ መዝሙር ሙሉ ዘመርኩ! መዝሙሩ ሲያልቅ ነጠላውን ገልጬ ሳያት ፊቷ ወይቧል። "እማዬ፣ ትከሻዬን አመመኝ" አለችኝ። "የቱን?" አልኳት። "የግራውን" አለችኝ።

እንዴት ከአዳራሹ እንደወጣሁ አላስታውስም። ተሸክሜያት ቁልቁል ስሮጥ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ቀርቷል። ጋሽ ከድር ሱቃቸው በራፍ ላይ ደንበኛ ሲያስተናግዱ አዩኝ። አልጠየቁኝም። የያዙትን ስኳር ሚዛኑ ላይ ትተው መኪናቸውን አስነሱ። መንገድ ላይ "ምን ሆና ነው?" ሲሉኝ "ዘላ" አልኳቸው። "ማን ዝለይ አላት?" ሲሉኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዱን "አላህ ያሽራት" አሉ።

ሐኪሟ እሁድም ተረኛ ሆና ተገኘች፣ ጌታ ይመስገን! ወዲያው ይዘዋት ገቡ፣ እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ የለመድኩት ነገር አንዱም አልመጣ አለኝ። መገሠጽ ፈለግሁ፣ ማንን ልገሥጽ? ማወጅ ፈለግሁ፣ ምን ላውጅ? ያስዘለልኳት እኔ ነኝ። በመጨረሻ "ጌታ ሆይ፣ ምን እንደምልህ አላውቅም። ዋሽቼብሃለሁ። ልጄ ናት፤ እባክህ" አልኩ። ይኼው ነው። መልስ አልመጣም፣ ራእይ አላየሁም። ሰላምም ቢሆን አልተሰማኝም። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይሰማኝ ያናገርኩት ያን ቀን ነው።

ሐኪሟ ወጥታ "ጣፊያዋ ላይ ትንሽ ደም አለ። ግን አልፈነዳም። ካልባሰ ቀዶ ጥገና ላያስፈልጋት ይችላል፣ አስተኝተን እንከታተላታለን" አለችኝ። ቀጥላ "ማን ነው ያስዘለላት?" አለች። "እኔ" አልኩ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። "ይጸልዩላት፣ እኔም እጸልያለሁ። ግን እሷ ተኝታ ይጸልዩላት" አለችኝ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ይከብደኛል። አልጋ ይዛ በሁለተኛው ቀን፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ጣሪያውን እያየች ሳለ "እማዬ" አለችኝ። "ጌታ የተቆጣኝ ቶሎ ስለተቀመጥኩ ነው? ሦስት ጊዜ ብቻ ስለዘለልኩ ነው ያልዳንኩት?"

ቅዱሳን፣ እኔ የተሰበርኩት እዚያ ላይ ነው። ጣፊያዋ ቢፈነዳ ሐኪም ይሰፋዋል። ይኼንን ማን ይሰፋዋል? ልጄ አልጋ ላይ ተኝታ እግዚአብሔር ዝላይ የሚቆጥርባት መስሏት ነበር። ማን አስተማራት? እኔ! ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጣ እኔን አይታ ነዋ! አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ "አይደለም ሊዱ፣ አይደለም የኔ እናት። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ያጠፋችው እማዬ ናት። ጌታ አልተቆጣሽም" አልኳት። "እንዴት አወቅሽ?" አለችኝ። እንዴት አወቅሁ? አላወቅሁም ነበር እኮ! ግን ያንን ለሷ ስናገር እኔም አብሬ ሰማሁት። ሰምቼም አመንኩ። ሃሌሉያ! ስድስት ዓመት ከፊት ወንበር ያልገባኝን አንድ የልጅ ጥያቄ አስገባኝ። እኔ ዳንኩ የምለው ያን ቀን ነው።

ፓስተር ሊጠይቁን መጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ወደ ሊዱ ቀርበው "ልጄ፣ ዝለይ ያልኩሽ እኔም ነኝ። ይቅር በይኝ" አሏት። ለኔ ደግሞ "እህት ወይንሸት፣ ይኼንን ወጥተሽ ለጉባኤው ተናገሪ" አሉኝ። "ፓስተር፣ አፍራለሁ" ብላቸው "አብረን እናፍራለን" አሉኝ። ይኸው አሁን ከኋላዬ ተቀምጠዋል፣ እያፈሩ ነው መሰለኝ።

ደሙ አልባሰም። ስድስት ቀን ተኝታ ያለ ቀዶ ጥገና ወጣች። ቤትም ሳምንታት ተኛች፤ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሐኪሟ በዚህ ሳምንት ደግማ አየቻትና "ጣፊያዋ ወደ ቦታው ተመልሷል" አለችኝ። ክብር ለጌታ ይሁን! አሁን አሜን ማለት ትችላላችሁ።

"ታዲያ ፈውስ ነው ወይስ ጊዜው ደርሶ ነው?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔንጃ! ሐኪሟ "በራሱ ይለቃታል" ብላ ነበር፤ በራሱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን እኔ እስካሁን አልገባኝም። ጋሽ ከድር መኪና ማስነሳታቸው ከጌታ ነው? ሐኪሟ እሁድ ተረኛ መሆኗስ? ነው እላለሁ። እኔ ማስዘለሌ ግን ከጌታ አይደለም። ይኼን ያህል አውቃለሁ፣ ሌላው ተደባልቆብኛል። ተደባልቆብኝም ግን አመሰግነዋለሁ።

ወገኖቼ፣ የታመመ ልጅ አጠገብ ተቀምጣችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ፣ ለናንተ ነው የወጣሁት። ጌታን እመኑት። ልጃችሁን ወደ ሐኪም ውሰዱ፣ ሐኪሙ ያለውንም ስሙ፣ እየጸለያችሁ ጠብቁ። እስኪገባችሁ አትጠብቁ፤ እኔም ሳይገባኝ ነው ያመንኩት። ቶሎ ባይሆንላችሁ ትቷችኋል ማለት አይደለም። ለሱ ምንም ማሳየት አይጠበቅባችሁም።

ሊዱ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። ልታዩዋት እንደምትፈልጉ አውቃለሁ፤ ዞራችሁ እያያችኋትም ነው። ወደ መድረክ አልጠራትም። ሐኪሟ መሮጥም መዝለልም ትችያለሽ ብላታለች፤ ግን ዛሬ ማንም እንድትነሳ አይጠይቃት። ሊዱዬ፣ እዚሁ ማይክ ላይ ነው የበደልኩሽ፣ እዚሁ ማይክ ላይ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። አትነሺ የኔ እናት። ቁጭ በይ። ጌታ ቁጭ ብለሽም ይወድሻል።